ከፍየሏ ደብተር የጎደለው ገጽ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን

ለታናሼ፣ ለሹፌሬ፣

እንዴት ከረምክልኝ የኔ ሸጋ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? ባለፈው በስልክ ፍየሏ ልትሸጥ ነው ስልህ ድምፅህ ድንገት ተዘግቶ ባትሪው የደከመ መኪና መሰልክ፤ እህ፣ እህ፣ እህ ብሎ አልነሳ አለ። ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ፣ አንገትህንም ሸፈን አድርግ። መቼም እዚያ ባዕድ አገር «ልብስ ደርብ» የሚልህ ሰው የለም።

እኛ ደህና ነን። አባባ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ጋራዡ በር ላይ አስወጥተው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይመረምራሉ። «ይሄ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ያኛው ዘይት ይጠጣል።» ባለቤቴ ብርድ ሲሆን እግሩን ያመዋል እንጂ ሥራውን አላቋረጠም። የራሊ መንገድ አንባቢነቱም አልለቀቀውም፤ በምርኩዙ ደረጃውን ሲወጣ «ሦስት ወደ ግራ፣ ተጠንቀቅ፣ ድንጋይ» እያለ ነው። መካኒካችንም እንደምታውቀው ነው፤ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ቁልፉን እንደ ልጅ ታቅፎ ይውላል፤ አሁንማ የመንደሩ ሰው ሁሉ «አሥራ ሰባት» እያለ ነው የሚጠራው። ያላየሃት ልጄ በሚቀጥለው ወር ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። መኪና ላይ ከፊት ካልተቀመጥኩ ብላ ታለቅሳለች፤ ከማን እንደወረሰችው አልጠይቅም።

በእጄ የምጽፍልህ በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው። በዚህ ቤት ስልክ ሳነሣ ጆሮ ይበዛል። ወንድሜ፣ እዚህ አንድ ነገር እየተደበቀ ነው። ከአንተ በቀር የማልጠረጥረው ሰው የለም፤ አንተንም ነጻ ያወጣህ ርቀትህ ነው።

ነገሩ በፍየሏ ነው የመጣው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ረጅም፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰውዬ መጣ። አሮጌ የራሊ መኪና እየገዛ በትልቅ አዳራሽ የሚያቆም ነው። ሸራውን ስናነሣለት ከኪሱ ነጭ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ። ምነው፣ ሊያዋልዳት ነው እንዴ አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙ ባለጓንቱ ሆኖ ቀረ። እኔን ደግሞ «እማማ» አለኝ! በትንሹ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔውኑ ልቤ ጠረጠረ።

«ብረቱን ብቻ አይደለም የምገዛው» አለ። «የውድድር ታሪኳን ነው። የት ተወዳደረች፣ ስንተኛ ወጣች፣ ምን ተሰበረባት፣ ማን ጠገናት። ከአጠገቧ ትልቅ ሰሌዳ አቆማለሁ፤ ታሪኳ ሙሉውን ይጻፍበታል፤ የገባው ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

አባባ ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸውን ረሱት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸራ አልብሰዋት፣ ዞር ብለው ሳያዩዋት፣ ስለሷ ትንፍሽ ሳይሉ የኖሩ ሰውዬ! «ይቺ እኮ» አሉት፣ «የቤት መኪና ነበረች፣ በኋላ ተለወጠች የምትባል አይደለችም። ከመጀመሪያዋ ቧንቧ ጀምሮ ለራሊ ብቻ ነው የሠራኋት። ገበያ ሄዳ አታውቅም። ሙሽራ ጭና አታውቅም። ሻንጣ ማስቀመጫ እንኳ የላትም።» እውነታቸውን ነው። ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ ከወንበሮቹ ኋላ፣ አጭር፣ ሰፊ፣ ጎማዎቿ ወደ ውጭ የወጡ፤ ቁርጥ ዳገት ላይ የቆመች ፍየል። ስሟን ያወጣሁላት እኔ እንደሆንኩ ለባለጓንቱ ነግሬዋለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ይጻፍልኝ።

የመጀመሪያ ውድድሯ ትዝ ይልሃል? ሠላሳ አንድ መኪና ተነሥቶ አሥራ ሁለት ገባ፤ እኛ አሥራ ሁለተኛ። አባባ ግን አንደኛ እንደወጣ ሰው ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ «ገባች! በገዛ እግሯ ገባች!» በሁለተኛው ውድድር ወንዝ ስትሻገሩ ሞተሯ ውሃ ጠጣ። አንተና ባለቤቴ ወገባችሁ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ስትሰዳደቡ እኔ ከዳር ሆኜ በሳቅ ፈረስኩ። አባባ የአየር መሳቢያዋን ወደ ጣሪያ ያወጡት ከዚያ ወዲያ ነው። የአቧራው ራሊ ላይ ሦስተኛ። የተራራው ላይ አንደኛ፣ ያውም ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ ጥላችሁት። በዓመቱ እዚያው ተራራ ላይ እንደገና አንደኛ። ከዚያ የጫካው ራሊ። ከዚያ ሸራ።

እኔስ ብሆን ሻይ ብቻ አፍልቻለሁ እንዴ? የአባባን ሕግ ታውቃለህ፤ ብሎን ጠብቆ ሲያልቅ ራሱ ላይ አንድ የቀለም መስመር ይሰመርበታል። መስመር ያለው ብሎን የጠበቀ ብሎን ነው፤ በዓይን ብቻ ይታወቃል። የቆርቆሮው ቀለም እየደረቀ ሲያስቸግረን ቀይ የጥፍር ቀለሜን አመጣሁና ሥራው የኔ ሆኖ ቀረ። በየማረፊያው ለጥገና የሚሰጠን ሃያ ደቂቃ ነበር። እኔ ደግሞ፣ የጫካው ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሳይቀር፣ ሥሯ ተጋድሜ፣ አሥራ ሰባት ቁልፉን ሳያነሣ ቀድሜው ቀብቼ እጨርስ ነበር፤ እሱ ኋላዬ እየመጣ ያጠብቃል። ዳኛው «የዚህች ሴትዮ ብሩሽ ከመፍቻው ይፈጥናል» ብሎ አልነበር? ሁለት ደቂቃ የማተርፍላችሁ እኔ ነበርኩ። ይህም ሰሌዳው ላይ ይጻፍልኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለጓንቱ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ሥሯ ገባ። ሰው መኪና ሲገዛ ፊቷን ያያል፤ እሱ ሆዷን። ሲወጣ ጓንቱን እያራገፈ «ብሎኖቹ ሁሉ ቀይ መስመር አላቸው፤ ከመሪው ብሎኖች አንዱ ብቻ የለውም» አለ። «የጫካው አደጋ የመኪናዋ ጥፋት ነበር ወይስ የሹፌሩ?» አለ ቀጥሎ።

«የሹፌሩ» አሉ አባባ፣ አፍታም አልቆዩ። «ፈጥኖ ነው፤ ራሱ አምኗል። መኪናዬ ንጹሕ ናት።»

ስምህን እንኳ አልጠሩትም። «ሹፌሩ»። ከቤት ካስወጡህ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሹፌሩ»። አሁን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ሰው እየገባ ሊያነበው። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ፊትህ ትመለሳለህ? አባባስ ስንት ዓመት ይጠብቁሃል?

እዚያው ቆሜ ማልኩ፤ ፍየሏ ከዚህ ግቢ ሳትወጣ እውነቱን አወጣለሁ አልኩ። አንተ በአፍህ «ፈጥኜ ነው» ብትልም አምኜህ አላውቅም። አንተ ተኝተህ ብትነዳ እንኳ በዚያች መዞሪያ ከመንገድ አትወጣም።

እንግዳው እንደሄደ የውድድር ደብተሯን ከአንሶላዎቹ ሥር አወጣሁ። ከአደጋው ወዲህ ገልጬው አላውቅም፤ ሆዴ አልቻለም። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ በየማረፊያው ምን እንደተሠራ፣ ማን እንዳጠበቀው፣ ማን እንደቀባው። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። የአቧራው አለ፣ የተራራው አለ። የጫካው ራሊ ገጽ የለም። አልተቀደደም እኮ! በማስመሪያ ተይዞ በምላጭ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። አይጥ በማስመሪያ አትቆርጥም።

መጀመሪያ ባለጓንቱን ጠረጠርኩ፤ ግን እሱ አንሶላዬን የት ያውቀዋል? ቀጥሎ ባለቤቴን፤ አትሳቅብኝ። «የጫካው ገጽ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቀው ምርኩዙን መፈለግ ጀመረ። ምርኩዙ እጁ ላይ ነው! «የቱ ገጽ?» አለኝ። እናታችን ነፍሷን ይማረውና፣ ጥያቄህን መልሶ የሚጠይቅህ ሰው መልሱን ያውቀዋል ትል ነበር።

አሥራ ሰባት ደግሞ ባሰ።

«ባለጓንቱ ደብተሩን ይፈልጋል» አልኩት እንደ ዋዛ።

«ምን ያደርግለታል?»

«ታሪክ ነዋ።»

«ታሪክ ጎማ አይነፋም።»

«የጫካው ገጽ ተቆርጧል።»

ጨርቅ አንሥቶ እጁን መጥረግ ያዘ። የታጠበ እጅ! ጠረገ፣ ጠረገ። «ስሚ፣ የተኛ ነገር አትቀስቅሺ። ዝም አይነቅዝም» ብሎኝ ሥራው ውስጥ ተቀበረ።

ዝም አይነቅዝም! ንጹሕ ሰው እንዲህ ይላል? ከዚያ ቀን ወዲህ እሱና ባለቤቴ ሲያወሩ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የመሣሪያ ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ሌላው ሁሉ ክፍት ነው። በጫካው ማረፊያ የመሪውን ጥገና የያዘው ማን ነበር? እሱ። ባለቤቴስ ከአደጋው በኋላ ሐኪም ቤት በገባ ቀን በትኩሳት «መሪው ባዶውን ዞረ» ሲል በነዚህ ጆሮዎቼ አልሰማሁም? በነጋታው ብጠይቀው «እኔ? አላልኩም» አለኝ።

እንግዲህ አንተው ገጣጥመው። አሥራ ሰባት የመሪውን ብሎን ሳያጠብቅ ለቀቃችሁ፤ ገጹን ቆረጠ፤ አንተን አሸከመህ፤ ባለቤቴንም እንደምንም አፉን አስያዘው። ነገ ምሳ ሲወጣ ያንን መሳቢያ እከፍተዋለሁ። አባባ ፊት አቁሜ አስለፈልፈዋለሁ። ከዚያ አንተ ወደ ቤትህ ትመጣለህ።

ዓርብ

ከላይ ያለውን መልሼ አላነበብኩትም፤ ካነበብኩት እቀደዋለሁ። እንዳለ ይድረስህ።

ረቡዕ አሥራ ሰባት ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ መሳቢያውን በጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ከሥር፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ብሎን። ራሱ ላይ ቀይ መስመር፤ የኔው የጥፍር ቀለም። ጥርሱ አልተበላም፣ አንገቱ አልተሰበረም። እየዞረ እየዞረ በራሱ የወጣ ብሎን ነው።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን ረስቶ ነው የተመለሰው።

«የመሪው ብሎን ነው አይደል?» አልኩት።

«ነው።»

«አላጠበቅከውም።»

«አላጠበቅኩትም።»

«ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት በአንተ ጥፋት ተሰዶ...»

«በእኔ ነው። ሂጂ ለአባባ ንገሪያቸው። ከኋላሽ እመጣለሁ።»

እልል ማለት ነበረብኝ። ግን ታውቀኛለህ፤ በቀላሉ የመጣ ነገር ይከነክነኛል። ጠፋ በተባለ አንድ ቁልፍ ሳምንት ሙሉ የሚከራከር ሰው ይህን የሚያህል ጥፋት እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይቀበላል?

«የሚመሰክርብህን ብሎን ለምን አስቀመጥከው?» አልኩት። «እኔ ብሆን ወንዝ ውስጥ እጥለው ነበር።»

ባርኔጣውን አንሥቶ ሊወጣ ዞረ።

«አንተ፣ ላንተ እኮ ነው! አለበለዚያ ባለጓንቱን ጠርቼ አሳየዋለሁ።»

ጎማ ላይ ተቀመጠ። ብሎኑን ከእጄ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ቀለሙን እዪው» አለኝ።

«አየሁት። ቀይ ነው።»

«ደህና አድርገሽ እዪው። ጠርዙን።»

አየሁ። ሙሉ ነው፤ አሁን እንደተቀባ ጥፍር ያብረቀርቃል።

«ነይ ሌሎቹን እዪ።»

ሸራውን ገለጠ፤ ባትሪውን ሰጠኝ፤ እንደ ድሮዬ ሥሯ ተጋደምኩ። ወንድሜ፣ የሰመርኳቸው ሁሉ ጠርዛቸው ላይ ተልጠዋል። እያንዳንዳቸው። ቀለሙ መፍቻ ባረፈበት ቦታ ተፍቋል።

እሱ ከላይ ሆኖ ነው የሚያወራኝ፤ ጫማው ብቻ ነው የሚታየኝ። «ቀድመሽ ስለምትቀቢ መፍቻዬ ሁልጊዜ ቀለምሽን ይልጠዋል። ያንን ብሎን ግን አልነካሁትም። በጣቴ አስገብቼው አባባ ወደ ኋላ ጎማ ጠሩኝ። ስመለስ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል፤ ሁለቱም የመሪ ብሎኖች ላይ ቀይ አየሁና ጨርሻለሁ ብዬ ወጣሁ። መላጡን ማየት ነበረብኝ። የእኔም ነው ያልኩሽ ውሸቴን አይደለም።»

ከሥሯ ተንፏቅቄ ወጣሁ።

«ገጹንስ?» አልኩ።

«ገጹን የቆረጠው ወንድምሽ ነው።»

ከአንተ በቀር የማልጠረጥረው የለም ብዬ ጽፌልህ ነበር እኮ።

ሁሉንም ነገረኝ። አባባ በጭነት መኪናው ሳይደርሱ ብሎኑን ከመንገዱ ዳር ያገኘኸው አንተ ነህ። ቀለሙ አለመላጡን አየህ፤ ወዲያው ገባህ፤ ለአሥራ ሰባትም አሳየኸው። «እህቴ ስምንት ወሯ ነው፤ ባሏ ሐኪም ቤት ነው፤ ይህን ብትሰማ ልጇም እሷም አይተርፉም። ሹፌር ፈጥኖ ገለበጠ ቢባል ማን ይገርመዋል?» አልከው። ደብተሩንም አልረሳህም፣ ብልጥ ነህ፤ አባባ ቢገልጡት «የመሪ ብሎን፣ ሁለተኛው» ከሚለው አጠገብ «ቀባች፦ እኔ» የሚል የእጅ ጽሕፈቴን ያያሉ፤ «አጠበቀ» የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ለባለቤቴም ሐኪም ቤት አልጋው ላይ በጆሮው ነገርከው። ሦስት ወንድ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አንዲት ወሬኛ ሴት ቤት ውስጥ። እንዴት ቻላችሁት?

«በቦታው ቀለም የሌለው ሌላ ብሎን ከትቼ ይሄንን ያስቀመጥኩት እንዳልረሳው ነው» አለኝ አሥራ ሰባት። «ከዚያ ወዲህ ቀለም አላምንም።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ጮህኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባባ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄጄ ከወንበራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ብሎኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ማርሹ የሚጮህ አሮጌ የጭነት መኪና አለፈ፤ ምን እንደሆነ አልተናገሩም። እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

«ቀድመሽ እንደምትቀቢ አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር?»

«ዓይን አልነበረኝም እንዴ? ሁለት ደቂቃ ታተርፍልኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ሲጣስ እያየሁ ያለፍኩትም እኔ፣ ልጁን ከቤት ያስወጣሁትም እኔ።»

ከዚያ ስምህን ጠሩ። ሹፌሩ አላሉም፤ ስምህን። ሁለት ጊዜ።

ዛሬ ጠዋት ባለጓንቱ ጓንቱን አጥልቆ፣ መጫኛ መኪና ይዞ፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ መጣ።

«አትሄድም» አሉት አባባ።

«አባቴ፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

«ሙሉ ታሪኳን ነው ያልከኝ። ታሪኳ አልሞላም። የመጨረሻው ገጽ ውጭ አገር ነው ያለው።»

«ታዲያ በፖስታ ይላካ!»

«በፖስታ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው ይዞት ነው የሚመጣው። ያኔ ና። ሰሌዳህንም ሰፋ አድርገህ አሠራው፤ የሁላችንም ስም ይገባበታል።»

እኔም ይጻፍልኝ ስል ነበር እኮ። ይጻፍ።

ገጹን ጥለኸው እንደሆነ አትንገረኝ። ግን አልጣልከውም፤ በማስመሪያ የሚቆርጥ ሰው የቆረጠውን አይጥልም። በፖስታ እንዳትልከው፤ በእጅህ አምጣው። ከ«አጠበቀ» አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ካንተ ፊት ካልሆነ አልሞላውም፤ የምነግርህንም ነገር ወረቀት አይችለውም፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ ነው የምልህ። ልጅቷ አጎቴ ይመጣል ብላ የፊት ወንበሩን ልትለቅልህ ተስማምታለች፤ ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለች።

መንገድህ ይቅና። ፍሬንህ ይያዝ፣ መሪህ ይታዘዝህ፣ ከመዞሪያው ወዲያ ደግ ሰው ይጠብቅህ። ያንተን ሸክም ፈጣሪ ከትከሻህ አንሥቶ የባለቤቱ ትከሻ ላይ ያኑረው።

እታለምህ፣
ቀቢዋ

ይቺን ሳልጠይቅህ ብዘጋው እንቅልፍ አይወስደኝም። ፍየሏ ልትሸጥ ነው ስልህ ድምፅህ ሲዘጋ ጉንፋን ነው አልከኝ። አሁን እሱንም ጠርጥሬዋለሁ።